የዕቃ ስም በጆሮና በብዕር

የአንድ ዕቃ ስም ወደ ልብ የሚገባበት በር አራት ነው፤ መስማት፥ መናገር፥ ማንበብና መጻፍ። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ አገር ግን የእነዚህ በሮች ተራ በገበሬው ቤት፥ በቅኔ ቤትና በዘመናዊው ትምህርት ቤት አንድ አይደለም፤ ልዩነቱንም መመልከት መምህራንን ይጠቅማል ብለን እናስባለን።

የስማዳ ገበሬ ልጅ ሞፈር፥ ቀንበር፥ ድግር፥ ወገልና ምራን የሚባሉትን ስሞች ፊደል ከመቍጠሩ በፊት ያውቃቸዋል። አባቱ «ወገሉን አቀብለኝ» ሲለው ስሙን በጆሮው ሰምቶ ብረቱን በእጁ ይይዛልና አይረሳውም። ቅኔ ቤት የገባ እንደ ሆነ ደግሞ ለታወቀው ነገር ሁለተኛ ስም ይማራል። መምህሩ «እብን» ብሎ «ደንጊያ»፥ «ዕፅ» ብሎ «እንጨት» እያለ ዘርና ነባሩን ሲያሰማ፥ ተማሪው መጽሐፍ ሳይይዝ በቃሉ ተቀብሎ ይመልሳል። ዐይነ ስውራን ሳይቀሩ ለቅኔ መምህርነት የበቁት ስለዚህ ነው።

የሆነ ሆኖ ጆሮ የማይለየው አለ። በግዕዝ «ዓመት» ዘመን ነው፤ «አመት» ግን ገረድ ናት። ድምፃቸው በአፋችን አንድ ስለ ሆነ የሚለያቸው ዐይንና ብዕር ብቻ ነው። ጋይንት ውስጥ ስመ ጥር በሆነችው በቤተ ልሔም የድጓ ተማሪ ዜማውን ከመምህሩ አፍ ከሰማ በኋላ ድጓውን በገዛ እጁ ሲጽፍ ኖሯል፤ ይህም ልማድ ወረቀት ለመቆጠብ የተፈጠረ አይመስለንም።

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ዠምሮ ይሰጣል። ልጁ የቢላዋ ሥዕል አይቶ ከሥሩ ያለውን ስም በዝምታ ይገለብጣል፤ «ናይፍ» ሲባል ካልሰማ ግን የማትነበበውን የመጀመሪያ ፊደል ጨምሮ «ክናይፍ» ይላል። በእኛ ፊደል የተጻፈው ሁሉ ይነበባልና አንወቅሰውም። (የእኛም ፊደል ቢሆን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ፥ «ገና» የጨዋታው ስም መሆኑን የሚነግረን ጆሮ ነው።)

በካናዳ ኮሊን ማክሌዎድና ባልደረቦቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ ጮኽ ተብሎ የተነበበ ቃል በዝምታ ከተነበበው ይልቅ እንደሚታወስ አሳይተዋል። ለቅኔ ቤት ደቀ መዝሙር አዲስ ወሬ አይደለም። እንግዲህ መምህሩ ዕቃውን አንሥቶ ስሙን ያሰማ፤ ልጆቹ በየተራ ይበሉት፤ ከዚያ ያንብቡት፤ በመጨረሻም መጽሐፉን ዘግተው ይጻፉት። የሚጠይቀው ወጪ ከቤት የመጣ አንድ ቢላዋ፥ አንድ ማሰሮና ከግቢው የተነሣ አንድ ደንጊያ ነው።