ከባሕሩ አጠገብ ቤት ፍለጋ

ቤት የምትከራይ እናት በየትም ከተማ ብትሆን አስቀድማ የምትጠይቀው «ኪራዩ ስንት ነው?» ብላ ነው። ወደ እስራኤል ሄጄ ከጎንደር አብሮ አደጌ ጋር ለ3 ቀናት ቤት ስፈልግ ግን ይህ ጥያቄ ወደ ኋላ ሲቀር አየሁ።

ያረፍኩባት ከተማ ሐዴራ ትባላለች። ከቴል አቪቭ በስተሰሜን 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ አጠገብ ትገኛለች። በ1891 እ.ኤ.አ. ስትቆረቆር ቦታው ረግረግ ነበርና ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙዎቹን ወባ ፈጅቷቸዋል። ረግረጉን ለማድረቅ የተተከለው በእኛ አገር በሚገባ የምናውቀው ባሕር ዛፍ ነው። ጫካው ዛሬም ስላለ በአጠገቡ ሳልፍ እንጦጦ የወጣሁ መሰለኝ። ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ቤተሰቦችም ይኖሩባታል።

ባልንጀራዬ የምትሠራው ቴል አቪቭ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። በዚያ ከተማ ቤት መከራየት በእርሷ ደመወዝ የሚታሰብ ስላልሆነ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥታ በአውቶቡስ ወደ ባቡር ጣቢያው፣ ከዚያም በባቡር ትጓዛለች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ማታ ባቡር ስለማይሠራ የቅዳሜ ተራ በደረሳት ቁጥር ራሷን ያማታል።

እዚያ ልጅ ወይም ዘመድ ላላችሁ የኪራዩን ወግ ላጫውታችሁ። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት አከራዩ በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ዋስትና የሚይዘው መያዣ ከ3 ወር ኪራይ አይበልጥም፤ አከራዩ ራሱ ለቀጠረው ደላላም ተከራይ አትከፍልም። ይሁን እንጂ አርኖና የሚሉት የማዘጋጃ ቤት ግብር፣ ውሃው፣ መብራቱና የሕንፃው ኮሚቴ መዋጮ በተከራይዋ ላይ ነው። እንግዲህ የኪራዩን ልክ ብቻ ሰምታችሁ ደስ አይበላችሁ።

የመጀመሪያው ቤት 4ኛ ፎቅ ላይ ነበር። አሳንሰር የለውም፤ ነገር ግን ሰፊና ብርሃናማ ሲሆን ኪራዩም ከሌላው በብዙ ይቀንሳል። እኔ ወድጄው ነበር።

«ማማዱ የት ነው?» አለችው ደላላውን።

ማማድ ማለት ግድግዳው በወፍራም ኮንክሪት የተሠራ፣ መስኮቱ በብረት የሚዘጋ የመጠለያ ክፍል ነው። ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ በአዳዲስ ቤቶች ውስጥ ግዴታ ሆነ። ይህ ሕንፃ ግን አሮጌ ነው። ደላላው በጣቱ ወደ ታች አመለከተ፤ መጠለያው ከምድር ቤት ነበር።

ባልንጀራዬ በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ከኢራን ጋር በተደረገው የ12 ቀን ጦርነት ከሁለት ልጆቿ ጋር ደረጃ ላይ ያደረች ናት። አንድም ቃል ሳትናገር የ5 ዓመት ልጇን አዘለችና «ሰዓት ያዢልኝ» ብላ ወረደች። ከታች ሆና «ስንት ሆነ?» ስትል ነገርኳት። ደላላው ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

የተከራየችው ጠባቡንና ውዱን፣ ግን ማማድ ያለውን ቤት ነው። አከራይዋ ደመወዝተኛ የሆኑ ሁለት ዋሶች ፈለጉ። ዋስ ማግኘት በዚያም አገር እንደ እኛው ፊት የሚያስቆም ነገር ነው፤ ወንድሟና አንዲት የሥራ ጓደኛዋ ፈረሙላት። ለልዩነቱ ገንዘብ በወር ሦስት ተጨማሪ የሌሊት ተራ ያዘች።

ዕቃው በገባ ዕለት ማታ የሁለቱን ልጆች አልጋ ማማዱ ውስጥ ዘረጋን። በማግሥቱ በ11 ሰዓት ቀስ ብላ በሩን ዘግታ ወጣች።