ድሬ ዳዋን ከመልቀቃችን በፊት በከዚራ መንገድ

ባለፈው ጥር አባታችንን ወደ አዲስ አበባ አምጥተን ከእኛ ዘንድ እንዲኖሩ ለማድረግ ወደ ድሬ ዳዋ ወረድን። ቤቱንም ለገዢው ከማስረከባችን አስቀድሞ፥ ያደግንበትን የከዚራን መንገድ ፎቶግራፍ እናነሣ ዘንድ አሰብን። አባታችን በምድር ባቡር መጠገኛ 31 ዓመት ያገለገሉ ሰው ናቸው። እናታችን ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ስለ ነበሩ መሄዱን እሺ ብለዋል፤ ነገር ግን እሺታቸው ከልብ እንዳልሆነ እናውቅ ነበር። ይህን አንሥተን ለመጠየቅ ግን ስለ ፈራን፥ «አባዬ፥ እስቲ አብረውን ይውጡና መንገዱን ያሳዩን» ብለን ለመንናቸው።

ፀሐይ ሳይበረታ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አደባባይ ጀመርን። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልተመቸው በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ሜዳ ደረሰ፤ ከተማይቱም ከዚያ የተነሣ ተቈረቈረች። ስለዚህም የከዚራ መንገዶች በገመድ የተለኩ ያህል ቀጥ ያሉና ግራ ቀኛቸው በዛፍ የተጋረደ ነው። አዲሱ የባቡር መሥመር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ስለ ተሠራ፥ በአሮጌው ጣቢያ ደጅ ዛሬ የመንገደኛ ግፊያ የለም።

እኛም ኖራው የፈዘዘውን ግድግዳ፥ ቀለሙ የተላጠውን የእንጨት መስኮት፥ ከዛፍ ጥላ ሥር የቆመውን አሮጌ ፔጆ ሁሉ አነሣን። አባታችንን ከፊቱ ይቁሙልን ባልናቸው ቍጥር ግን እጃቸውን እያወዛወዙ ወደ ጎን ይላሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ፥ «እናንተ የምታነሡት ግድግዳ ብቻ ነው» ብለው መንገዱን ለቀው ወደ መጠገኛው አጥር ይዘውን ሄዱ።

እዚያም ሠራተኞች ይገቡባት ከነበረች አንዲት ጠባብ የብረት በር ፊት ቆሙ። በልጅነታችን የምሳ ዕቃ ይዘን የፉጨቱን ድምፅ የምንጠብቀው በዚህች በር ነበር፤ እኛ ፈጽሞ ረስተነው ነበር። አባታችን ስልኩን ከእጃችን ወስደው፥ «እናንተ ቁሙ» አሉን። ከፈረንሳዮች ጋር በሠሩበት ዘመን በለመዱት አቈጣጠርም «አን፥ ደ፥ ትርዋ» ብለው አነሡን።

ከዚያም ወደ ደቻቱ ወረድን። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሞልቶ ከ200 ሰው በላይ የጨረሰው ወንዝ ያን ዕለት ደረቅ አሸዋ ነበር። እዚያ ድንጋይ ላይ ዐረፍ እንዳሉ፥ ስንፈራው የነበረውን ነገር ጠየቅናቸው።

«ካልወደዱ ቤቱን አንሸጥም፤ ይንገሩን።»

ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻም፥ «ቤቱን ሽጡት፤ እኔ ግን በየዓመቱ ለፋሲካ ትመልሱኛላችሁ» አሉን። ቃል ገባን።

ካነሣናቸው ፎቶግራፎች አባታችን ያሉበት አንድ እንኳ አልተገኘም። እሳቸው ያነሡት ደግሞ ግማሹን ጣታቸው ሸፍኖታል። ይህንኑ በወረቀት አሳትመን ከአልጋቸው ራስጌ ሰቀልነው። በሚያዝያም ለፋሲካ ይዘናቸው ወረድን።