ሳያመን እንሂድ

የድሬዳዋ ሴቶች የማናወራው ነገር የለም። ቡና ላይ፣ በመረዳጃ ማኅበራችን በአፎቻ ላይ፣ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ስንመርጥ ሳይቀር የሰፈሩ ጉዳይ ሁሉ ይነሳል። ከእምብርት በታች ያለው ሲመጣ ግን ድምፃችን ይቀንሳል፤ «የሴት ነገር ነው» ብለን እናልፈዋለን። የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ስለሆነ ዛሬ አላልፈውም።

ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት የወር አበባቸው ከቆመ ዓመታት በኋላ ደም ታያቸው። ቡና ላይ ሲያነሱት «ልጅነትዎ ተመለሰ!» ተብሎ ተሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ምንም አያማቸውም ነበር። በኋላ ወገባቸውን መቁረጥ ሲጀምራቸው ብርድ ነው ተባለ። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ካንሰሩ ተሰራጭቶ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ ነፍስ ይማር።

እዚያ ከተቀመጥነው አንዳችን እንኳ ያ ደም ምልክት መሆኑን ብናውቅ ኖሮ እላለሁ። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም፣ ትንሽም ብትሆን፣ ያስመረምራል። ከግንኙነት በኋላ ወይም በሁለት የወር አበባ መካከል የሚመጣ ደም፣ ሽታው የተለወጠ ፈሳሽም እንዲሁ።

በሽታው ከየት ይመጣል? ጀርመናዊው ተመራማሪ ሃራልድ ዙር ሃውዘን መነሻው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ መሆኑን ደረሰበት፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ ግንኙነት የጀመረ አብዛኛው ሰው፣ ወንዱም ሴቱም፣ በሕይወቱ አንድ ቀን ያገኘዋል። ከአሥር ዘጠኙን ጊዜ ሰውነት በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያጠፋዋል። ለዓመታት ተደብቆ ሊቆይም ስለሚችል፣ ዛሬ ተገኘብሽ ማለት አንቺ አጥፍተሻል፣ ወይም ባልሽ ሰሞኑን ወስልቷል ማለት አይደለም። ይህን የምለው ነውሩን ፈርተው የሚቀሩ ሴቶችን ስለማውቅ ነው።

ሳይጠፋ የቀረው ቫይረስ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። የመከላከል አቅሟ በተዳከመ ሴት ላይ፣ ለምሳሌ ኤች አይ ቪ ኖሮባት ሕክምና ካልጀመረች፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አያምም። እኛ ደግሞ ካላመመን ጤና ጣቢያ መሄድ አልለመደብንም። ብዙዎቻችንን የሚወስደን ይህ ነው፤ በሽታው ረጅም ጊዜ ይሰጠናል፣ እኛ ሕመሙን እንጠብቃለን።

ሳያመን የሚደረገው የማህፀን በር ምርመራ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ ለእኔም የነገረኝ አልነበረም። አልጋው ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተኛሁ። ሲስተሯ ነጠላ ጭኔ ላይ ጣል አድርጋ «በረጅሙ ተንፍሺ፣ ሰውነትሽን ልቀቂው» አለችኝ። የማህፀን በር ማያው መሣሪያ ሲገባ ይቀዘቅዛል፤ ጫን ይላል። ከዚያ በጥጥ አሴቲክ አሲድ ቀባችኝ። አቼቶን አቼቶ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ትንሽ ለብለብ ያደርጋል። አንድ ደቂቃ ጠብቃ በመብራት አየች። ጤነኛው ቦታ እንዳለ ይቆያል፤ መለወጥ የጀመረው ነጭ ሆኖ ይታያል። እኔ ላይ ነጭ አልታየም።

አብራኝ የሄደችው ጓደኛዬ ላይ ግን ታየ። ክው አለች። ሲስተሯ ካንሰር አለመሆኑን፣ ወደዚያ ሊያመራ የሚችል ለውጥ ብቻ መሆኑን አስረዳቻትና በዚያው ቀን ቦታውን በሙቀት አከመችላት። ማደንዘዣ እንኳ አላስፈለጋትም። ለጥቂት ሳምንታት ውሃ የመሰለ ፈሳሽ እንደሚኖራትና ቁስሉ እስኪድን ከግንኙነት መቆጠብ እንዳለባት ተነገራት። ከዚያ ባጃጅ ይዘን ወደ ቤታችን።

የልጆቻችን ዕድል ከእኛም የተሻለ ነው። የኤች ፒ ቪ ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ግን በየትምህርት ቤቱ በር ላይ እሰማለሁ። ክትባቱ የያዘው የቫይረሱን ቅርፊት የሚመስል ፕሮቲን ነው፤ ቫይረሱ የሚራባበት ዘረመል የለበትም፤ ስለዚህ በሽታውን ሊያመጣ አይችልም፤ መካንም አያደርግም። ወልዶ መሳምን የሚያሳጣው ዘግይቶ የተደረሰበት ካንሰር ነው፤ ማህፀን የሚያስወጣ፣ ጨረር የሚያስፈልገው።

ይህ ሁሉ እውቀት በየጤና ተቋሙ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሴት ግን የምታምነው ሴትን ነው። ጓደኛዬ የደረሰባትን ለእህቶቿ ቡና ላይ አንድ በአንድ ስትነግር፣ ስንት ዓመት ፖስተሩን አይተው ያለፉት እህቶቿ ተነስተው ተመረመሩ። ስለዚህ የተመረመርሽ እህቴ፣ በሚቀጥለው አፎቻ ወይም እድር ላይ ተናገሪ፤ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም። ዕድሜሽ ከ30 እስከ 49 ከሆነ የአገሪቱ መመሪያ ተመርመሪ የሚለው አንቺን ነው፤ ኤች አይ ቪ ካለብሽ ግን 30ን አትጠብቂ። ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም በቅርብሽ ያለ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ጠይቂ። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ ጻፊልኝ፤ አብሬሽ እሄዳለሁ።