የእማዬ የጠረጴዛ ልብስ

ቶጎጫሌ ውስጥ መፀው የሚገባው በነፋስ ነው። በቀን መቁጠሪያው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መፀው ይባላል፤ ደገኛው ዘንድ የአበባ ወቅት ነው። እኛ ዘንድ ግን ሶማሌዎቹ «ከረን» የሚሉት ዝናብ ያባራል፣ ማሽላው ይታጨዳል፣ ከዚያ ሜዳው ላይ የሚያግደው ያጣ ነፋስ አቧራውን ይዞ ከተማ ይገባል። ከአወዳይ የመጡት የጫት መኪኖች ወደ ሐርጌሳ ካለፉ በኋላ ገበያው ፀጥ ይላል። ሲመሽ ብርዱ አለ። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ «ሶማሌ ክልልም ይበርዳል እንዴ?» ብሎ ሲገረም ብርድ ልብስ እንደርብለታለን።

እኔ የማርኬቲንግ ኦፊሰር ነኝ። ሥራዬ ሰው ማናገር ስለሆነ ሁለት ስልክ ይዤ እዞራለሁ። ባለቤቴ ትራንዚተር ነው፤ የጭነት ሰነድ ሲከታተል የእሱም ስልክ እረፍት የለውም። አምና በጥቅምት አንድ ማታ ሦስታችን ሶፋው ላይ ተደርድረን የሰባት ዓመቷ ልጄን ቀና ብዬ ሳያት የአባቷን አሮጌ ስልክ ይዛ፣ ልክ እንደ እኔ በአውራ ጣቷ እየገፋች፣ ልክ እንደ እኔ ቅንድቧን ቋጥራለች። ያን ቀን «ማታ ማታ እጄን በምን ልያዘው?» ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። መልሱን ያገኘሁት ጅጅጋ፣ እናቴ ቤት፣ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው።

እማዬ ከጅጅጋ አትነቃነቅም። ከቶጎጫሌ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ቅዳሜ ሄደን እሁድ እንመለሳለን። ያኔ ሁለቱም ዓይኖቿ የዓይን ሞራ ጋርዷቸው ሰው የምትለየው በድምፅ ነበር። ለቀዶ ሕክምና ተራ እየጠበቀች ስለነበር እሷን እያጫወትኩ ዕቃዋን አስተካክል ጀመር። ከጋቢዎቹ ሥር በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ስፈታው የጠረጴዛ ልብስ ነው፤ በመስቀለኛ ጥልፍ፣ በተለምዶ ክሮስ ስቲች በምንለው፣ ግማሽ ድረስ የተሠራ። መሀሉ ላይ ሁለት ጣዎሶች ፊት ለፊት ቆመዋል። ዙሪያውን ቀይ ጽጌረዳና አረንጓዴ ቅጠል ይዞራል። ሁለቱ ማዕዘኖች አልቀዋል፤ ሁለቱ ባዶ ናቸው።

«እሱን ተይው» አለች ጨርቁን በጣቷ ነክታ። «የትምህርት ቤት ነው።»

እንግዲህ በእሷ ዘመን «የእጅ ሥራ» የሚባል ትምህርት ነበር። በ1969 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል ሳለች ጅጅጋ ውስጥ የጀመረችው ነው። በ1970 መስከረም፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ በጥቂት ቀን፣ ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ገባች። ቤተሰቡ በካራማራ በኩል ወደ ሐረር ሸሸ። አያቴ ድስትና ዱቄት ስትሸክፍ እማዬ ጥልፏን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ወጣች። ከተማዋ በየካቲት 26 ቀን 1970 ነፃ ስትወጣ ተመለሱ፤ ጥልፉ ግን አልተቀጠለም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ስህተቴ እዚያ ላይ ነው የጀመረው።

ለማያውቁት ልንገራችሁ፤ መስቀለኛ ጥልፍ ከአበሻ ቀሚስ ጥልፍ ይለያል። ጥለት ላይ ወይም ደረት ላይ የሚጠለፈው ሥዕሉ ጨርቁ ላይ ተነድፎ፣ ወይም ጥሩ ጠላፊ ከሆነች ከጭንቅላቷ ነው። ያ የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ከመቅደላ ተወስዶ ዛሬም ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ አለ፤ በነጭ ጥጥ ላይ በቀለማም ሐር የተጠለፈ ነው። መስቀለኛው ግን የሒሳብ ሥራ ነው። ጨርቁ እንደ ሒሳብ ደብተር በትንንሽ አራት ማዕዘን ተሸምኗል። እያንዳንዷ ማዕዘን ላይ አንድ ኤክስ ትሠራላችሁ፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን እየቆጠራችሁ ጨርቁ ላይ ታሰፍራላችሁ። ሥዕል መሣል የማይችል ሰው ጣዎስ ይሠራል። ለእኔ ቢዝነስ ላጠናሁት፣ መስመር ቀጥ አድርጌ ማስመር ለማልችለው፣ የተፈጠረ ነገር ነው!

ክሩን ፍለጋ ወጣሁ። ቶጎጫሌ የድንበር ከተማ ነች፤ ከበርበራ ወደብ የተነሣው ዕቃ በወጃሌ አልፎ ሲገባ የማይገኝ ነገር የለም ይባላል። ምንጣፍ አለ፣ የሕፃናት ወተት አለ፣ ሽቶ በዓይነት በዓይነቱ አለ። የጥልፍ ክር ግን ሦስት ቀን አስፈለገኝ። መጨረሻ ላይ ዲራ ጨርቅ የሚሸጡ እናት ከመደርደሪያቸው ሥር የካርቶን ሳጥን አወጡልኝ። እማዬ ግን በስልክ «ዲኤምሲ ካልሆነ አትግዢ፣ ሌላው ሲታጠብ ይለቃል» አለችኝ። ዲኤምሲ እ.ኤ.አ. በ1746 ፈረንሳይ፣ ሙሉዝ ከተማ የተመሠረተ ኩባንያ ነው። ያለምንም ማስታወቂያ ሰባተኛ ክፍል ላይ የእናቴን ልብ ይዞ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። እንደ ማርኬቲንግ ሰው ይኼ ያስቀናኛል። ክሩን አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ ላከችልኝ፤ የድንበሩን ክር ደግሞ ልጄ እንድትለማመድበት ገዛሁ።

እማዬ ያስተማረችኝ በስልክ ነው። ማታ ማታ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌያት መርፌ እይዛለሁ። ጨርቁን ሁለት ጊዜ አጥፈሽ መሀሉን አግኚ፤ ከጠርዝ አይጀመርም፣ ከጀመርሽ ወይ ጨርቅ ያልቅብሻል ወይ ይተርፍሻል። ክሩ ስድስት ክሮች አብረው የተገመዱ ነው፣ ሁለቱን ብቻ ለይተሽ አውጪ። ከክንድሽ አታስረዝሚው፣ ይተበተባል። የሁሉም ኤክስ የላይኛው እግር ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ፤ አንዱ ከተገለበጠ ብርሃን ሲመታው ያጋልጥሻል። ቋጠሮ ብሎ ነገር የለም፤ የክሩን ጫፍ በጀርባው በኩል በራሱ ስፌት ሥር ቅበሪው። በየአሥሩ ደግሞ ቁጠሪ። «መምህሬ መጀመሪያ የምታየው ጀርባውን ነው» ትለኛለች።

ልጄ የራሷን ትንሽ ጨርቅ ይዛ አጠገቤ ትቀመጣለች። መርፌው ጫፉ ደነዝ ስለሆነ አያስፈራም። ለክሮስ ስቲች አሥር ያህል ጊዜ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላ ስትቆጥር አባቷ በስልክ የኮንቴይነር ቁጥር እያነበበ ይቀላቀልባታል፤ ትቆጣዋለች። በሁለተኛው ሳምንት እሱ ራሱ ደውሎ የሚያወራውን በረንዳ ላይ መጨረስ ጀመረ። መብራት የጠፋ ማታማ ደግሞ ይብስ ደስ ይላል። ጥልፉ በሻማ አይሆንም፤ ዓይን ያደክማል። ስለዚህ ክር እየለየን፣ በቀለም እየጠቀለልን፣ የግመል ወተት የገባበት ሻይ እየጠጣን እናወራለን።

ጎረቤታችን አንዲት የሶማሌ ሴት አሉ፤ እኛ «ኤዶ» ነው የምንላቸው። ሻይ ይዘው ብቅ ሲሉ ጨርቄን አገላብጠው «ይኼ መስቀል ነው?» አሉኝ። «ስሙ ነው እንጂ ኤክስ ነው» አልኳቸው። «ታዲያ ለምን ኤክስ አትሉትም?» ብለው ሳቁና እኛም ቤት ውስጥ «ኤክስ» ማለት ጀመርን። ኤዶ በ1980 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ በእናታቸው እጅ ተይዘው ድንበር የተሻገሩ ልጅ ነበሩ። ያደጉት ከጅጅጋ ብዙም በማይርቀው ሐርትሼክ መጠለያ ነው፤ በዘመኑ ከዓለም ትልልቆቹ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ነበር፣ በ1996 ተዘጋ። እማዬን ከጅጅጋ ያሸሻት መንግሥት ከአሥር ዓመት በኋላ የራሱን ሰዎች፣ ኤዶን፣ ከሐርጌሳ አሸሸ። ይኼን ለኤዶ ስነግራቸው ሻዩን አማስለው «እናትሽን አምጫት፣ እናውራ» ብቻ አሉኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በኅዳር መጀመሪያ እጄ ተፍታታና የእማዬን ጨርቅ ለመጨረስ ወሰንኩ። ሳልነግራት። ዓይኗ ተሠርቶ ስትነሣ ልዘረጋላት ነበር ዕቅዴ። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ነከርኩት፤ ቀለሙ ፍንክች አላለም። ከዚያ ባዶው ማዕዘን ጋ ልጀምር ስል አንድ ነገር ዓይኔን ወጋው። በግራ በኩል ያለው አንድ ቅጠል አንድ ማዕዘን ያህል ወደ ጎን ሸርተት ብሏል። የኤክሶቹ እግር ተገላብጧል፤ ክሩ አንዳንድ ቦታ ተወጥሮ ጨርቁን ሰብስቦታል። ጀርባውን ሳዞረው ቋጠሮ በቋጠሮ ነው። እማዬ ይኼን ሠርታ? «ልጅ ነበረች» አልኩና በትንሿ መቀስ ፈታሁት። አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ። በማግሥቱ ቅጠሉን በአዲስ ክር፣ በትክክለኛው ቦታ፣ እግሩን አስተካክዬ ሠራሁት። በጣም አምሮብኝ ነበር።

ቅዳሜ ጅጅጋ ስንሄድ ልጄ ምስጢር መያዝ አልቻለችም። እማዬ «እስቲ አምጡት» አለች። ጭኗ ላይ ዘርግታ በጣቶቿ መዳበስ ጀመረች፤ ጣዎሶቹን፣ ጽጌረዳውን፣ ቀስ እያለች። ግራው ጋ ስትደርስ ቆመች። ተመለሰችና እንደገና ዳበሰች። ጀርባውን አዞረችው።

«እዚህ ጋ ቋጠሮ ነበር» አለች።

«አበላሽተሽው ነበር፣ አስተካከልኩልሽ።»

ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ነገረችኝ። ያን ቅጠል የሠራችው እሷ አይደለችም። ታናሽ እህቷ ነች። እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ሰርቃ መርፌ ያዘች፤ ተደበደበችበት። ሐረር እንደገቡ በዚያው ዓመት ኩፍኝ ወሰዳት። እኔ የዚህችን አክስቴን ስም አውቃለሁ፤ ፎቶግራፍ የላትም፣ ደብተር የላትም። የቀረው የእጇ ሥራ ያ ቅጠል ነበር። እማዬ ጥልፉን ያልቀጠለችው ለዚህ ነው። «ብጨርሰው ጠረጴዛ ላይ ይነጠፋል፣ ወጥ ይፈስበታል» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የፈታሁትን ክር ከቆሻሻ ጋር ጥዬዋለሁ። ቶጎጫሌ ተመልሼ ቆሻሻ መጣያውን ገልብጬ ፈለግሁ፤ ተወስዷል። አለቀስኩ። ኤዶ ገብተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝና ስነግራቸው «ፎቶ የለሽም?» አሉ። «አንቺ እኮ ምሳሽን ሳይቀር ፎቶ ታነሺያለሽ።»

እውነታቸውን ነው። ከማጠቤ በፊት ጨርቁን ለጓደኛዬ ልልክላት ከፊትም ከኋላም አንስቼው ነበር። አጉልቼ ሳየው እያንዳንዱ ኤክስ ይታያል። አሮጌ ጨርቅ ደግሞ መርፌ የገባበትን አይረሳም፤ ብርሃን ላይ ስይዘው የድሮዎቹ ቀዳዳዎች ከሌላው ሰፋ ብለው ነበር። የእኔን ያማረ ቅጠል ፈታሁና ያንን መልሼ መሥራት ጀመርኩ። ስህተትን በትክክል መቁጠር ከትክክለኛው ይከብዳል። የትኛው እግር እንደተገለበጠ፣ የት እንደዘለለች፣ የት እንደወጠረች። አንዳንድ ቦታ ላይ ችኮላዋ ይታወቃል፤ እህቷ ሳትመለስ ልትጨርስ ነዋ። ስድስት ማታ ፈጀ። ቋጠሮዎቹንም አልተውኳቸውም፤ ከኋላ ፎቶው እየቆጠርኩ ስምንት ቋጠሮ አበጀሁ። ልጄ ተገርማ «ቋጠሮ አይደረግም አላልሽም?» አለችኝ። ታሪኩን ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ፎቶውን እያየች አንድ በአንድ የምታስቆጥረኝ እሷ ሆነች።

አንድ ነገር ግን አልተሳካልኝም። አረንጓዴው አይገጥምም። አዲሱ ክር ያበራል፤ የድሮው ከአርባ ዓመት በላይ ሳጥን ውስጥ ሆኖም ገርጥቷል። በሻይ ልንከረው ብዬ ቁራጭ ሞክሬ ነበር፤ ቡናማ ሆኖ አረፈው። ተውኩት።

የእማዬ የቀኝ ዓይን በታኅሣሥ መጀመሪያ ተሠራ። ፋሻው በተነሣ በሳምንቱ ይዘናት ቶጎጫሌ መጣን። ከኤዶ ጋር በረንዳው ላይ ነፋሱን በመጋረጃ ከልለው ተቀመጡ፤ አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በሶማልኛ፣ ሁለቱም የሁለቱንም ይሰማሉ። ጨርቁን አመጣሁላት። መጀመሪያ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ነው የዳበሰችው፤ ፊቱንም፣ ጀርባውንም፣ ቋጠሮዎቹንም። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«ቀለሙ በዝቷል» አለች።

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

«ይሁን። እሷም ደማቅ ነበር የምትወደው።» ለኤዶ አሳየቻቸው፤ ኤዶ ጣታቸውን ቅጠሉ ላይ አድርገው በሶማልኛ አንድ ነገር አሉ፣ እማዬም ራሷን ነቀነቀች።

ሁለቱ ባዶ ማዕዘኖች እስካሁን ባዶ ናቸው። ዘንድሮ ከረን ካባራ በኋላ አንደኛውን ልጄ እንድትጀምረው እማዬ ፈቅዳለች፤ ጠረጴዛ ላይ እንዳይነጠፍ ግን አስምላናለች። ልጄ በድንበሩ ክር እየተለማመደች ነው። ትናንት አንድ ዘላ ቆጥራ ልትፈታው መቀሱን ስታነሣ አያቷ በስልክ «ተይው» ስትላት ሰማሁ።