የትኛው ዝምታ?

“ሜዲቴሽን ፈጠራን ይጨምራል” የሚል ቪዲዮ ስልኬ ላይ ይመላለሳል። የትኛው ሜዲቴሽን? የሚል አስተያየት ግን ከሥሩ አላየሁም። እኛ የሚዛንና የቴፒ ሰዎች “ቡና አለኝ” ያለንን ሰው፣ የታጠበ ነው ጀንፈል፣ የጫካ ነው የእርሻ ሳንል ዋጋ አንቆርጥለትም።

ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ለዛሬው ወሬ ሁለቱ ይበቁናል። አንደኛው ሐሳብን አንድ ነገር ላይ ማሰር ነው፦ ትንፋሽ ላይ፣ ወይም መቁጠሪያ ይዞ አንድ አጭር ጸሎት ላይ። ሲሸሽ መመለስ፣ ደግሞ ሲሸሽ ደግሞ መመለስ። ሁለተኛው ምንም ሳይመርጡ፣ የመጣውን ሐሳብ ሳይከተሉትም ሳያባርሩትም ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 በኔዘርላንድ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ሎሬንዛ ኮልዛቶና ባልደረቦቿ ሜዲቴሽን የለመዱ 19 ሰዎችን ሁለቱንም እያስደረጉ ፈተኗቸው። አንዱ ፈተና እንደ ጡብ ያለ ተራ ዕቃ ለስንት ነገር ሊውል እንደሚችል መደርደር ነው። ሌላው የማይዛመዱ የሚመስሉ ሦስት ቃላትን የሚያገናኝ አንድ ቃል መፈለግ ነው። ከልቅቁ ዓይነት በኋላ ሐሳቡ በዛ፣ ከተለመደውም ወጣ። የታሰረው ዓይነት ግን አንዷን ትክክለኛ መልስ ለማግኘት ይረዳል ተብሎ ቢጠበቅም አልረዳም። ተመራማሪዎቹ እንደሚገምቱት ሜዲቴሽን ደስ ያሰኛል፤ ደስ ያለው ሰው ደግሞ ሐሳቡን ማስፋት ይቀለዋል፣ ማጥበብ ይከብደዋል። 19 ሰው ጥቂት ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው፤ አንድ አዲስ ነገር ሲፈጠር ማሰሩና መልቀቁ እንዲህ ተለያይተው ይሠራሉ ወይ?

የቅኔ ቤት መልሱን ከቆየ ጀምሮ የያዘው ይመስለኛል። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዋድላ መንገድ የተማረ ሰው ሁሉ ቆጠራን ያውቃታል። ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ከሰማ በኋላ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ለአላፊ አግዳሚው ሥራ የፈታ ይመስላል። ልኩ ግን ታስሯል፦ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ያልቃል፣ መወድስ ስምንት ይጠይቃል። ምስጢሩ ደግሞ ልቅ ነው፤ ከመጽሐፍም፣ ከጉንዳን ሰልፍም፣ ከጎረቤት ጠብም ይመጣል። የሌላውን ሰው ቅኔ መድገም ነውር ነው፤ አዲስ መሆን አለበት። ከዚያ ነገራ ይከተላል፦ መምህሩ ፊት ቆሞ መናገር፣ መታረም፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ መጣል። ተማሪው ሐሳቡን የሚለቀው ሰዋስዉና ግሱ ውስጡ ከገባ በኋላ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ባዶ እጁን ወደ ዛፍ የሚሄድ የለም።

ወደ እኛ ስመለስ የቡና ለቀማ አለ። ቀዩን ብቻ እየለዩ አረንጓዴውን መተው ለጀማሪ ዓይን የሚያስር ሥራ ነው። የለመደ ሰው ግን እጁ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲሄድ ሐሳቡ የት የት ደርሶ ይመለሳል። በዚያው በ2012 በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ የተሠራ ጥናት አለ። ጥያቄ ከተሰጣቸው በኋላ በመሐል ቀላል ሥራ የሠሩ ሰዎች፣ ከባድ ሥራ ከተሰጣቸውም ዝም ብለው ካረፉትም በልጠዋል፤ የበለጡት ግን ቀድመው ባዩት ጥያቄ ብቻ ነው። ሌሎች ሲደግሙት ያው ውጤት ያልወጣላቸው ስላሉ እንደ ሕግ አልይዘውም። ቢሆንም ከቆጠራ ጋር ይገጥማል፤ ይዘውት ያልሄዱት ጥያቄ ሜዳ ላይ አይፈታም።

(በነገራችን ላይ ለቀማን ሜዲቴሽን ብሎ ማቆንጀት አልወድም። በበቃ የቡና እርሻ ላይ ዝናብ እየወረደበት በኪሎ ሒሳብ የሚለቅም ሰው “ተመስጦ ላይ ነህ” ቢባል መልሱን እዚህ አልጽፈውም።)

የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የጠፋባችሁ ካላችሁ የላይደኑን ፈተና እዚሁ ሥሩት። ጡቡን ትታችሁ የእንሰት ቅጠል ስጡ። የአገሬው ሰው ሳያስብ ይደረድርላችኋል፦ ቆጮ መጠቅለያ፣ ዳቦ መጋገሪያ፣ የዝናብ መከለያ፣ መቀመጫ። እነዚህ ልማድ ናቸውና አትቁጠሯቸው፤ ነጥብ መስጠት ከአምስተኛው ጀምሩ። አንዱን ቡድን ከለቀማ መልስ፣ ሌላውን ትንፋሹን ሲቆጥር ከቆየ በኋላ ፈትኑ። ፈቃደኛ ተፈታኝ ካነሳችሁ እኔ አለሁ።