ምስጋና ለባለቤቱ

በዓለም ላይ ብዙ ዓይነት ዕዳ አለ። የገንዘብ ዕዳ በወረቀት ይጻፋል፤ ምስክር ይቆምበታል፤ ቀኑም በደረሰ ጊዜ ባለገንዘቡ ከደጅ ቆሞ ይጠይቃል። የምስጋና ዕዳ ግን ወረቀት የለውም፤ ባለዕዳው ራሱ ካላሰበው በቀር ማንም መጥቶ አይጠይቀውም። ከዚህም ዕዳ ሁሉ ቶሎ የሚረሳው በገዛ ቤታችን ውስጥ ለሚኖር ሰው ያለብን ነው። እንግዳ ሰው አንድ ብርጭቆ ውሃ ቢያቀብለን ከመቀመጫችን ብድግ ብለን እጅ እንነሣለን፤ ዕለት ዕለት እንጀራ የሚያቀርብልንን ሰው ግን ቀና ብለን ሳናይ እንጐርሳለን። ይህም የሚሆነው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም፤ ዓይን የለመደውን ነገር ማየት ስለሚተው ነው።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ ይህን ነገር በምክር ብቻ ከማቀርብላችሁ፥ እኔና ባለቤቴ ወደ እስክንድርያ ከተማ ያደረግነውን የሦስት ቀን ጕብኝት ብነግራችሁ የሚሻል መሰለኝ።

እናቴ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏት አምስት ዓመት ያህል በአልጋ ላይ ቆይታ ነው ያረፈችው። እኔ ጧት ወደ ሥራ ወጥቼ ማታ የምመለስ ሰው ነኝ፤ በመካከሉ ያለውን ረጅም ቀን የያዘችው ባለቤቴ ነበረች። ታጥባታለች፥ ታገላብጣታለች፥ ታጐርሳታለች፤ ሌሊትም እናቴ ባቃሰተች ጊዜ ድምፁን ቀድማ የምትሰማው እርስዋ ነበረች። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት ሌሊት እንኳ ከቤት ውጭ አላደረችም።

እናቴ ባረፈች ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ እጄን እየያዘ «አንተስ ታድለሃል፤ እናትህን ጦረህ ቀበርህ» ይለኝ ነበር። እኔም «የጦረቻት ባለቤቴ ናት» ብዬ እመልስ ነበር። ሰዎቹ ግን ይህን ቃል ትሕትና አድርገው ቈጠሩት፤ «ጨዋነቱን አያችሁ?» እየተባባሉ ምስጋናውን እጥፍ አደረጉልኝ። ምስጋናው የሚገባት ባለቤቴ በዚያን ሰዓት ጓዳ ውስጥ ሆና ለለቀስተኛው ቡና ታስፈላ ነበር።

ሙት ዓመቱ ከወጣ በኋላ ያጠራቀምናት ጥቂት ገንዘብ ነበረች። አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን ይህን ሰምተው «የእናትህ መቃብር ጥሩ እብነ በረድ ይገባዋል» አሉኝ። መቃብሩ ድንጋይም፥ መስቀልም፥ ስምም ነበረው፤ የቀረው ጌጡ ብቻ ነው። እኔ ግን ገንዘቡን ለሌላ ነገር አስቤው ነበርና ባለቤቴን «ከዚህ ቤት ወጥተሽ ጥቂት ቀን ብታርፊ የት መሄድ ትወጃለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። እርስዋም «አፈሩ ሳይደርቅ ሽርሽር ሄደ አይሉህም?» አለችኝ። «ይበሉ» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያስ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ እስክንድርያን አሳየኝ» አለች።

እስክንድርያን የመረጠችበት ምክንያት አላት። አባቷ የቤተ ክህነት ሰው ስለ ነበሩ የዚያችን ከተማ ስም ከልጅነቷ ጀምራ ስትሰማ አድጋለች። የአገራችንን የመጀመሪያ ጳጳስ አባ ሰላማን በአራተኛው መቶ ዓመት የሾማቸው የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ እስክታገኝ ድረስ ከዚያ መንበር ጋራ በልጅነት ታስራ ኖራለች።

ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ያህል ተጓዝን፤ ከካይሮ ደግሞ ባቡር ተሳፍረን ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ሄድን። ባቡሩ የሚያልፍበት አገር ጠረጴዛ የመሰለ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። ያን ለም አፈር ለብዙ ሺህ ዓመት ያከማቸው የዓባይ ጐርፍ ሲሆን፥ አብዛኛው ደለል የወረደው ከኛ አገር ተራሮች ነው። ታላቁ የአስዋን ግድብ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ዓመት ከተፈጸመ ወዲህ ደለሉ ከግድቡ በስተኋላ ይቀራል። ይህን ስነግራት ባለቤቴ በመስኮቱ ወደ እርሻው እየተመለከተች «አፈሩ ከየት እንደ መጣ ገበሬው ያስበው ይሆን?» አለች።

ማታ ደረስንና ዕቃችንን ከሆቴል አስቀምጠን ወደ ባሕሩ ዳር ወጣን። በእስክንድርያ ከባሕሩ ጋራ ትይዩ የሆነ ረጅም መንገድ አለ፤ የከተማው ሰው ሁሉ ምሽት ላይ በዚያ ይንሸራሸራል፤ ከድንጋዩ አጥር ላይ ተቀምጦ ነፋስ ይቀበላል። ባለቤቴ ዝም ብላ ቆማ ስታይ ቆየችና «ማዶው የት ነው?» አለች። እኛ የደጋ ሰዎች ሸለቆ ስናይ ወዲያው የምንፈልገው ማዶውን ነው። ማዶው ከረጅም የመርከብ መንገድ በኋላ የሚገኝ መሆኑን ነገርኋት። ጐንበስ ብላ ውሃውን በጣቷ ቀመሰችና ፊቷን አጨማድዳ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ብዙ ጊዜ ሆኖ ነበር።

በማግሥቱ ጧት በሆቴሉ ቁርስ ከበላን በኋላ ሳህኖቹን ሰብስባ ብድግ አለች። አስተናጋጁ ሮጦ መጥቶ በፈገግታ ከእጇ ተቀበላት። እጆቿን ምን እንደምታደርጋቸው ጨንቋት ጥቂት ቆመች። እጅ ከሥራ በኋላ ወዲያው ማረፍ አይችልም፤ ዕረፍትንም መማር ያስፈልገዋል።

ከዚያ ወጥተን ጥንታዊውን ዓምድ ለማየት ሄድን። ከአስዋን ቀይ ድንጋይ የተሠራ፥ ሃያ ሰባት ሜትር ያህል ቁመት ያለው ትልቅ ዓምድ ነው። መንገደኛው ሁሉ «የፖምፔ ዓምድ» ይለዋል። ነገር ግን ፖምፔ የተባለው የሮማ የጦር አለቃ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ48 ዓመት በግብጽ ምድር የተገደለ ሰው ነው፤ ዓምዱ ግን የቆመው ከዚያ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ለንጉሡ ለዲዮቅልጥያኖስ ክብር ነው። ስሙ በስሕተት ለፖምፔ ተሰጠ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። ባለቤቴም «ያኛውም ሆነ ይኸኛው ድንጋዩን አልጠረቡትም» አለች።

ከዓምዱ ብዙ ሳንርቅ ኮም ኤል ሹቃፋ ወደሚባለው ከመሬት በታች ወደ ተፈለፈለ የመቃብር ቤት ወረድን። ይህ ቦታ ለብዙ ዘመን ተደፍኖ ኖሮ በ1900 ዓመት የአንድ አህያ እግር መሬቱን ነድሎ በመግባቱ ተገኘ ይባላል። በውስጡ ከአለት የተፈለፈሉ ሦስት መደቦች ያሉበት አዳራሽ አለ፤ የሟቾቹ ዘመዶች መጥተው ሙታናቸውን እያሰቡ የሚበሉበትና የሚጠጡበት ነበረ። የቦታው ስም የገል ክምር ማለት ሲሆን፥ ይህም ግብሩ ካበቃ በኋላ እየተሰበረ ከሚጣለው የሸክላ ዕቃ የመጣ ነው ይባላል። ባለቤቴ መደቦቹን ተመልክታ «እነዚህም ተዝካር ያወጡ ነበር ማለት ነው» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወጡን ማን ሠርቶላቸው ይሆን?» ብትለኝ በመቃብር ቤት ውስጥ ሳቅ አመለጠኝ።

በሦስተኛው ቀን በባሕሩ አፍ ላይ ወደ ቆመው ወደ ቃይትባይ ምሽግ ሄድን። በዚያ ቦታ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በንጉሥ በጥሊሞስ ዘመን የተሠራ፥ ከመቶ ሜትር በላይ ከፍታ የነበረው የመብራት ግንብ ነበረ። ለመርከበኞች በሌሊት መንገድ ያመለክት ስለ ነበረ፥ ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቅ ሥራዎች እንደ አንዱ ይቈጠር ነበር። በ1303 እና በ1323 ዓመት የደረሰው የመሬት መናወጥ አፈራረሰው። የግብጽ ሱልጣን ቃይትባይ በ1477 ዓመት ምሽጉን በዚያው ቦታ ሲያሠራ ከወደቀው ግንብ ድንጋይ ወስዶ ተጠቅሞበታል።

ከምሽጉ አጠገብ ተቀምጠን ሳለን አንድ ታሪክ አጫወትኋት። ሉቅያኖስ የተባለው የጥንት ጸሐፊ እንደሚተርከው፥ የመብራቱን ግንብ የሠራው ሶስትራጦስ የተባለ መሐንዲስ ነው። ግንቡን በፈጸመ ጊዜ የራሱን ስም በድንጋዩ ላይ ቀረጸና በኖራ መርጎ ሸፈነው፤ በኖራውም ላይ የንጉሡን ስም ጻፈ። ዘመን እያለፈ ሲሄድ ኖራው ከንጉሡ ስም ጋራ ረገፈ፤ የባለሥራውም ስም ከድንጋዩ ላይ ብቅ አለ።

«በቤታችን ኖራው እኔ ነኝ፤ ድንጋዩ አንቺ ነሽ» አልኋት። እንደምትስቅ ጠብቄ ነበር፤ እርስዋ ግን አልሳቀችም። ባሕሩን እያየች ብዙ ቆየችና «እኔስ ስሜ እንዲጻፍ አልፈልግም። ግን ደክሞኝ ነበር» አለች። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ለበሽተኛዋ እንዳትሰማ፥ ለእኔ እንዳላዝን፥ ለጎረቤት እንዳያማት እያለች ውጣው ኖራለች። ከዚያ እንባዋ መጣ፤ እኔም አላባበልኋትም። እጇን ይዤ ዝም ብዬ ሰማኋት። ስለ እነዚያ ሌሊቶች፥ ስለ ወገቧ ሕመም፥ እናቴ በመጨረሻ ቀኖቿ በልጇ ስም ትጠራት ስለ ነበረ፥ ሁሉንም ነገረችኝ። ፀሐይ ወደ ባሕሩ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ከዚያ አልተነሣንም።

ወደ አገራችን በተመለስን ጊዜ እኒያ ሽማግሌ ዘመዳችን «ከሄዳችሁበት ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» ብለው ጠየቁ። ባለቤቴም «ባሕር አየሁ፥ አባባ» አለቻቸው። እርሳቸው ስለ እብነ በረዱ ማንሣታቸውን ዛሬም አልተዉም። እኔም አልከፋባቸውም፤ ሙታንን ማክበር መልካም ነው፤ እብነ በረዱም አንድ ቀን ይሠራ ይሆናል። ነገር ግን እብነ በረድ ታግሦ መቆየት ይችላል፤ የደከመ ሰው ግን አይችልም።

እንግዲህ፥ ወጣቶች ሆይ፥ ከዚህ የምትወስዱት ነገር ቢኖር ይህ ነው። ምስጋና ስትቀበሉ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ጠይቁ፤ የሌላ ሰው ከሆነ በቃል ብቻ «የእኔ አይደለም» ማለት አይበቃም፤ ወስዳችሁ ለባለቤቱ አድርሱ። ስትከፍሉም ለእናንተ ደስ የሚላችሁን ሳይሆን፥ ባለቤቱን ጠይቃችሁ እርሱ የሚወደውን ክፈሉ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

ለዚህ ደግሞ እስክንድርያ መሄድ የግድ አይደለም፤ አውሮፕላንም ባቡርም አያስፈልግም። ከእናንተ ብዙዎች ገና የራሳችሁ ትዳርና ገንዘብ የላችሁም፤ ነገር ግን በቤታችሁ የምትደክም እናት፥ ስማችሁን እያስጠራች እርስዋ ከጓዳ የማትወጣ እኅት፥ ወይም የቤት ሠራተኛ አለች። አንድ እሑድ ሥራዋን ተቀበሏት፤ የት መሄድ እንደምትወድ ጠይቋት፤ ከዚያም አጠገቧ ተቀምጣችሁ ዝም በሉ። ለብዙ ዓመት የያዘችውን ቃል ለመናገር ሰው የሚፈልገው ጸጥ ያለ ቦታና የማይቸኩል ጆሮ ነው፤ ይህንም ድኃም ሆነ ሀብታም ሊሰጥ ይችላል።