የተጣለው ሽርፍራፊ

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምንሰማው ትዕግሥትን እንድንማርበት ነው። ስሕተትም በዚሁ መንገድ እግር አውጥቶ እንደሚሄድ ግን እኔ የተማርሁት በቤተ ሙከራ ውስጥ ነው።

ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የያዝነው የመመረቂያ ሥራ የማይክሮፎንን ድምፅ በቁጥር ተቀብሎ አማካዩን እየተከተለ የሚያሳይ ዲጂታል ማጣሪያ ነበር። የሒሳቡን ሰርኪዩት የነደፍሁት እኔ ነኝ። የ16 ቢት ቁጥር በ16 ቢት ቁጥር ሲባዛ ውጤቱ 32 ቢት ይሆናል፤ የማስቀምጥበት ቦታ ግን ለ16ቱ ብቻ ስለ ሆነ የታችኞቹን ቈርጬ ጣልኋቸው። አንድ እንኳ የማይሞላ ሽርፍራፊ ማንን ይጐዳል ብዬ ነበር።

መሣሪያው በተከፈተ ጊዜ በዜሮ ላይ መቆም የነበረበት መስመር 128 ያህል ዝቅ ብሎ ቆመ። ጓደኛዬ «ይህ ከየት መጣ?» ቢለኝ፣ ሳልመረምር «ከማይክሮፎኑ ይሆናል» አልሁት። አምኖኝ ከኪስ ገንዘቡ ቈጥቦ ሌላ ማይክሮፎን ገዛ። መስመሩ ግን ከነበረበት አልተነሣም። በዚያ ሌሊት ብቻዬን ቀርቼ በመውጫው ላይ 128 ደመርሁበትና በማግሥቱ «ተስተካክሏል» አልሁ።

ከሳምንት በኋላ መምህራችን ማጣሪያው ዝግ ብሎ እንዲከተል፣ 255/256 የነበረውን ማባዣ ቁጥር 511/512 እንድናደርገው ጠየቁን። አደረግነው። መስመሩም እንደ ገና በ128 ዝቅ አለ። ጓደኛዬ ዝም ብሎ አየኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ እንዳደረግሁት ሲቈረጥ፣ ቁጥሩ ከዜሮ በታች እንኳ ቢሆን ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ በየርምጃው በአማካይ ግማሽ ይጐድላል። ማጣሪያው ያለፈውን ውጤት መልሶ ስለሚጠቀምበት ጕድለቱ 256 እጥፍ ተጠራቅሞ 128 ይሆናል፤ በሁለተኛው ማባዣ ደግሞ 512 እጥፍ ሆኖ 256 ይደርሳል። መድኃኒቱ ከመቁረጥ በፊት፣ ከሚጣሉት ቢቶች በትልቁ ላይ 1 መደመር ነው። ያን ጊዜ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች እየተጠጋጋ ስሕተቱ እርስ በርሱ ይጣፋል። ለዚህ በሰርኪዩቱ ላይ የተጨመረው ወጪ እጅግ ትንሽ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የደረሰው በእኔ ብቻ አይደለም። የካናዳው የቫንኩቨር አክሲዮን ገበያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 በ1000 የጀመረው የዋጋ መለኪያ፣ ከነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ ብቻ እየተያዘ የቀረው ሲቈረጥ ቈይቶ፣ በኅዳር 1983 ወደ 524 ወርዶ ነበር። ሒሳቡ ሲታረም ከ1098 በላይ ሆኖ ተገኘ። ገበያው ሳይከስር መለኪያው ግማሹን አጥቶ ነበር።

እኔ የማይክሮፎኑን ዋጋ ለጓደኛዬ መልሻለሁ፤ ስለዚያች ሌሊትም ነግሬዋለሁ። ጓደኞቼ ሆይ፣ በሥራችሁ ውስጥ ከየት እንደ መጣ የማታውቁት ቁጥር ብታገኙ፣ በሌላ ቁጥር ከመሸፈናችሁ በፊት አጠገባችሁ ላለው ሰው አሳዩት።